ትልቁን አውቶሞቢል ሸጦ ትንሿን ስለ መግዛት

ሰው ገንዘቡን ሲያባክን የሚያደንቀው አያጣም፤ ገንዘቡን ሲቈጥብ ግን የሚያፍርበት ይበዛል። ይህ ነገር ለተረት ያህል የተነገረ እንዳይመስል፥ በሰሜን አሜሪካ ከተሞች፥ ይልቁንም በዋሽንግተንና በዙሪያዋ በሰፈሩት ኢትዮጵያውያን ዘንድ፥ ስለ አውቶሞቢል የሚነገረውን መመልከት ይበቃል። ትልቁን የቅንጦት አውቶሞቢል ሸጦ ቤንዚን የምትቈጥበውን ትንሿን በገዛ ሰው ላይ ሁለት ዓይነት ተናጋሪ ይነሣበታል። አንደኛው «ክብሩን ሸጠ» ብሎ ያዋርደዋል። ሁለተኛው «ዓለምን አዳነ» ብሎ ያወድሰዋል። ሁለቱም ስተዋል፤ የሁለቱም ስሕተት አንድ ነው። የሚመለከቱት በውጭ የሚታየውን ቆርቆሮ ነው እንጂ በውስጥ የሚቃጠለውን ቤንዚን አይደለም።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ሰው ይታሰብ። ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቶ፥ ከዚያም ትንሽ ሱቅ ከፍቶ የተሻሻለ የቤት አባት ነው። ኑሮው ቀና ባለ ጊዜ ባለ 8 ሲሊንደር ትልቅ የጀርመን አውቶሞቢል በየወሩ በሚከፈል ዕዳ ገዛ። መቀመጫው ቈዳ፥ አካሄዱ እንደ ውሃ ነው፤ በሠርግና በክርስትና ቀን በደጅ ሲያቆመው ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። ሴት ልጁ ኮሌጅ በምትገባበት ዓመት ግን ቁጭ ብሎ ሒሳቡን መረመረ። የወሩ ዕዳ፥ ኢንሹራንሱ፥ ጥገናው፥ ዋጋው ከተራው ከፍ ያለው ቤንዚን ሲደመር፥ አውቶሞቢሉና የልጅቱ ትምህርት በአንድ ቤት አብረው ሊያድሩ የማይችሉ ሆኑ። ስለዚህ አውቶሞቢሉን ሸጠና ሃይብሪድ የሚሏትን፥ ኋላዋ አጭር፥ በሯም ከኋላ ወደ ላይ የሚከፈተውን ትንሽ አውቶሞቢል ገዛ። በሚቀጥለው ሠርግ ወዳጆቹ ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ «ወንድማችን፥ ምን ደረሰብህ? ከሰርህ ወይ?» አሉት። ወሬውም ከእርሱ ቀድሞ ገበያ ደረሰ፤ ዕቃ በዱቤ ይሰጠው የነበረው ነጋዴ እጁን ሰበሰበ። ሰውየው ዕዳ ተሸክሞ ሳለ ይታመን ነበር፤ ዕዳውን ባወረደ ማግሥት ተጠረጠረ።

እንግዲህ «ክብሩን ሸጠ» ለሚሉት መልስ ይገባቸዋል። ክብር ማለት በሌላ ሰው ገንዘብ በተገዛ ቈዳ ላይ መቀመጥ ከሆነ፥ ክብሩ የባለ ገንዘቡ ነው እንጂ የተቀማጩ አይደለም። በቅሎን «አባትህ ማን ነው?» ቢሉት «እናቴ ፈረስ ናት» አለ እንደሚባለው፥ ባለ ዕዳውም «አንተ ማን ነህ?» ሲሉት «አውቶሞቢሌ ጀርመን ነው» ብሎ ይመልሳል። ስለ ራሱ የሚናገረው ያጣ ሰው ስለ ዘመዱ ይናገራል፤ ዘመድ ያጣ ደግሞ ስለ አውቶሞቢሉ ይናገራል።

በቅሎ ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ሃይብሪድ ማለት ድቅል ማለት ነው። ድቅሏን አውቶሞቢል የሚንቁት ሰዎች አባቶቻቸው ለረዥም መንገድና ለክብር ጕዞ የመረጡት ፈረስን ሳይሆን በቅሎን እንደ ነበረ ረስተዋል። መኳንንቱና ሊቃውንቱ በበቅሎ ይሄዱ የነበረው በቅሎ ብዙ ገብስ ስለሚበላ አይደለም፤ ዳገቱንና ቍልቍለቱን ሳይደክም፥ ጌታውንም ሳይጥል ስለሚያደርስ ነው። በአገራቸው ልማድ ድቅል የክብር መቀመጫ ከሆነ፥ በሰው አገር የውርደት ምልክት ያደረገው ማን ነው?

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። በዋሽንግተን ታክሲ ነድተው ቤት የሠሩና ልጅ ያስተማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ታክሲ ነጂ ቤንዚኑን ከኪሱ የሚከፍል ስለ ሆነ የሊትርን ዋጋ ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ስለዚህ በብዙ የዓለም ከተሞች ታክሲ ነጂዎች ድቅሏን መርጠዋል። ዳሩ ግን በሥራ ቀን እንጀራ የምታበላውን አውቶሞቢል በሠርግ ቀን ከሩቅ መንገድ ላይ አቁመው በእግራቸው የሚመጡ አሉ። ያበላውን እጅ በእንግዳ ፊት መደበቅ ክብር ሳይሆን ውለታ ቢስነት ነው።

የሚንቋትን ነገር መጀመሪያ ቢያውቋት መልካም ነበር። በድቅሏ አካል ውስጥ በቤንዚን የሚሠራ ሞተርና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ተጣምረው ይኖራሉ። ትልቁ አውቶሞቢል በቀይ መብራት ሲቆም ሞተሩ ሥራ ሳይሠራ ቤንዚን ይበላል፤ ፍሬን ሲይዝም በቤንዚን የተገዛው ሩጫ ሙቀት ሆኖ በነፋስ ይበተናል። ድቅሏ ግን ስትቆም ሞተሯን ታጠፋለች፤ ፍሬን ስትይዝ የኤሌክትሪኩ ሞተር ዳይናሞ ይሆንና ሩጫውን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ በባትሪዋ ያስቀምጠዋል፤ ስትነሣም ያንኑ መልሳ ትሠራበታለች። ባልትና የምታውቅ ሴት የትናንቱን እንጀራ ሳትጥል ፍርፍር አድርጋ እንደምታቀርብ ያለ ነው። ስለዚህ ትርፏ የሚበዛው መቆምና መነሣት በሚበዛበት በከተማ መንገድ ነው፤ ሳይቆሙ በሚሮጡበት በረዥሙ አውራ ጎዳና ግን ትርፏ ይቀንሳል።

አሳቡም የትናንት አይደለም። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1900 ገደማ ፈርዲናንድ ፖርሼ በቪየና በሎህነር ፋብሪካ ሲሠራ፥ የቤንዚን ሞተር ኤሌክትሪክ እያመነጨ ጎማዎቹን በኤሌክትሪክ የሚያዞር ሠረገላ ሠርቶ ነበር። ስሙ ዛሬ የቅንጦት ምልክት ሆኖ በየአውቶሞቢሉ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ሰው የድቅሏ አያት መሆኑን የሚያፌዙት አላወቁም። ከብዙ ዘመን በኋላ ቶዮታ ፕሪዩስን በዲሴምበር 1997 በጃፓን ለገበያ አወጣ፤ ፕሪዩስም በላቲን ቋንቋ «ቀዳሚ» ማለት ነው። በ1999 የሆንዳ ኢንሳይት በአሜሪካ ተሸጠች። በ2003 ደግሞ ፕሪዩስ በሯ ከኋላ ወደ ላይ የሚከፈትበትን መልክ ይዛ ወጣች።

አሜሪካኖችም ቢሆኑ ትንሽ አውቶሞቢልን ማክበር የተማሩት በመጽሐፍ ሳይሆን በመከራ ነው። በኦክቶበር 1973 የዐረብ አገሮች ነዳጅ ወደ አሜሪካ እንዳይላክ በከለከሉ ጊዜ፥ የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል ሆነ። ርዝመታቸው ጀልባ የሚያህሉ አውቶሞቢሎች በየቤንዚን ማደያው ተሰልፈው ዋሉ። በ1975 የወጣው ሕግ ፋብሪካዎች የሚሠሯቸው አውቶሞቢሎች በአንድ ጋሎን የሚሄዱት መንገድ ከተወሰነ መጠን እንዳያንስ አዘዘ። በሰልፍ መካከል ቆሞ የሚጠብቅ ትልቅ አውቶሞቢል ከትንሽ አውቶሞቢል በምን እንደሚከብር ያን ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

ክርክር ያለ ቍጥር ጩኸት ስለ ሆነ ቍጥሩም ይቅረብ። ትልቁ ባለ 8 ሲሊንደር በመቶ ኪሎሜትር 12 ሊትር ያህል፥ ድቅሏ ደግሞ 5 ሊትር ያህል ትፈጃለች ይባል። ሰውየው በዓመት 15,000 ኪሎሜትር ቢነዳ፥ ትልቁ 1,800 ሊትር፥ ትንሿ 750 ሊትር ይፈጃሉ። ልዩነቱ 1,050 ሊትር ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎግራም ያህል የካርቦን ጢስ ያወጣልና፥ በዓመት 2,400 ኪሎግራም የሚያህል ጢስ ቀረ ማለት ነው። ይህ ለአንድ ቤት ትንሽ ነገር አይደለም። «ጥቂት ሳንቲም ለማትረፍ ራሱን አዋረደ» የሚል ሰው 1,050 ሊትር ቤንዚን ከገዛ ኪሱ ይክፈልና ያን ጊዜ ይናገር።

«ትንሿ ምቾት የላትም፥ ግጭት ቢደርስም ትልቁ ያድናል» የሚሉም አሉ። ምቾትን መውደድ ነውር አይደለም፤ ጀርባው የሚያመው ሽማግሌ ለስላሳ መቀመጫ ቢመርጥ የሚፈርድበት የለም። ስለ ግጭቱም ከባዱ አውቶሞቢል በውስጡ ያለውን ሰው ይበልጥ መጠበቁ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያው ክብደት በወዲያኛው አውቶሞቢል ውስጥ ባለው ሰው ላይ ይወድቃል። ሁሉም ለራሱ ደኅንነት እያለ ከጎረቤቱ የከበደ ቢገዛ፥ በመጨረሻ ሁሉም ከባድ ይሆንና ማንም ከማንም የተሻለ ሳይሆን መንገዱ ብቻ ይከብዳል።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ለነቃፊዎቹ ነው። አሁን ደግሞ ወደ አወዳሾቹ ይዞራል፤ እነርሱን መገሠጽ የበለጠ ያስፈልጋል፤ ነቃፊ ሰውን ያሳዝነዋል እንጂ አያስተውም፥ አወዳሽ ግን ያስተዋል።

በ2003 በሆሊውድ የኦስካር ሽልማት ቀን የታወቁ ተዋንያን ረዥሙን ሊሞዚን ትተው በፕሪዩስ መጡ። ሥራው ደግ ነበር፤ ነገር ግን ፎቶግራፍ አንሺ በሌለበት ሌሊት በምን እንደሚሄዱ ፎቶግራፉ አይናገርም። ከዚያ ወዲህ ትንሿ አውቶሞቢል ራሷ ጌጥ ሆነች። በ2007 በአሜሪካ በተደረገ የገበያ ጥናት ከፕሪዩስ ገዢዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት፥ የገዙበት ዋና ምክንያት አውቶሞቢሏ ስለ እነርሱ ማንነት የምትናገረው ነገር እንደ ሆነ መለሱ። ሆንዳ የሠራው የሲቪክ ድቅል በውስጡ ቈጣቢ ሆኖ ሳለ በውጭ መልኩ ተራውን ሲቪክ ይመስል ነበርና እንደ ፕሪዩስ አልተወደደም። በ2014 የታተመ የምጣኔ ሀብት ጥናትም በኮሎራዶና በዋሽንግተን ክፍለ ግዛቶች ሰዎች ለፕሪዩስ መታወቂያ መልክ ብቻ እንደ ሰፈሩ ከ430 እስከ 4,200 ዶላር ያህል ለመክፈል ፈቃደኞች መሆናቸውን ገመተ። ቶርስታይን ቬብለን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1899 ባሳተመው መጽሐፉ ባለጠጎች ሰው እንዲያያቸው ብለው ገንዘብ እንደሚያባክኑ አስረድቶ ነበር። እነዚህ ደግሞ ሰው እንዲያያቸው ብለው የሚቈጥቡ ናቸው። የተለወጠው ልብሱ ነው፤ ለባሹ ያው ነው።

ከንቱ ውዳሴን የሚያጋልጥ ሌላ ሒሳብ አለ። አሜሪካኖች የአውቶሞቢልን ፍጆታ የሚቈጥሩት በአንድ ጋሎን ስንት ማይል እንደሚሄድ ነው፤ ይህም አቈጣጠር ዐይንን ያታልላል፤ በ2008 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ይህን ገልጦአል። በጋሎን 25 ማይል ከምትሄደው ወደ 50 ማይል የምትሄደው መዛወር ትልቅ እርምጃ ይመስላል፤ ከ10 ወደ 20 መዛወር ግን ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን 10,000 ማይል ለሚነዳ ሰው የመጀመሪያው 200 ጋሎን ሲያተርፍ ሁለተኛው 500 ጋሎን ያተርፋል። እንግዲህ ውዳሴ የሚገባ ከሆነ፥ ከሁሉ የሚበላውን ላቆመ ሰው ይገባል። በመቶ ኪሎሜትር 7 ሊትር የምትፈጅ ደኅና አውቶሞቢል እያለችው ለዝና ሲል 5 ሊትር የምትፈጀውን አዲስ የገዛ ሰው፥ በዚያው በ15,000 ኪሎሜትር 300 ሊትር ብቻ አተረፈ። ትልቁን አውቶሞቢል በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፥ በዓመት 1,000 ኪሎሜትር የሚነዳ ሽማግሌም ቢሸጠው 70 ሊትር ብቻ ያተርፋል። አዲስ አውቶሞቢል ለመሥራት ብረቱ ሲቀልጥ፥ ባትሪው ሲሠራ፥ በርከት ያለ ቶን ጢስ አስቀድሞ ወጥቷልና እንዲህ ያለው ትርፍ ዕዳውን ሳይከፍል አውቶሞቢሏ ታረጃለች።

ደግሞም የተሸጠው አውቶሞቢል ከዓለም አይጠፋም። አወዳሾቹ ይህን ሊሰሙት አይወዱም። ሻጩ «ጢሱን ተውሁት» ይላል፤ ገዢው ግን ያንኑ አውቶሞቢል ይነዳል። ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ያረጀው ደግሞ መርከብ ይሳፈራል። ከ2015 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ከአገር ወደ አገር መሸጣቸውን፥ አብዛኞቹም ወደ ድኾችና ወደ መካከለኛ አገሮች፥ ይልቁንም ወደ አፍሪካ መሄዳቸውን የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2020 ገልጦአል። ነዳጅዋን ሁሉ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የምትገዛው ኢትዮጵያ በ2020 ባወጣችው ሕግ በአሮጌ አውቶሞቢሎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለች፤ በጃንዋሪ 2024 ደግሞ በቤንዚን የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን አስታወቀች። ብዙ የአፍሪካ አገሮች ግን በራቸው ክፍት ነው። ስለዚህ ሻጩ የራሱን አፍ ከለከለ እንጂ የዓለምን አፍ አልዘጋም። ይህም ሥራውን ከንቱ አያደርገውም፤ እያንዳንዱ የሚጠየቀው ራሱ ስላቃጠለው ነው። የሚከለክለው ትምክሕቱን ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራው ፈተና የሚመጣው ከግዢው በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ ስለ ድንጋይ ከሰል በ1865 በጻፈው መጽሐፍ፥ ማሽኖች ከሰል በቈጠቡ ቍጥር የሚፈጀው ከሰል እንደማይቀንስ፥ እንዲያውም እንደሚበዛ አስተዋለ፤ ምክንያቱም የረከሰ ነገር ብዙ ይፈለጋል። ሆድ ካገር ይሰፋል ይባል የለምን? ድቅሏን የገዛ ሰው «ቤንዚኑ ትንሽ ነው» እያለ በእግሩ ይሄድበት ወደ ነበረው ሱቅ በአውቶሞቢል መሄድ ቢጀምር፥ የቀረችውን ገንዘብ ደግሞ በሌላ ቅንጦት ቢበትናት፥ ያተረፈው ምንድር ነው? ብረቱን ለወጠ እንጂ ምኞቱን አልለወጠም።

ቍጠባ ያለ አዲስ ግዢም እንደሚሆን ያሳየ ሰው በዘመናችን ነበረ። ከ2010 እስከ 2015 የኡራጓይ ፕሬዚዳንት የነበሩት፥ በ2025 ያረፉት ሆሴ ሙሂካ፥ በ1987 የተሠራች ቮልስዋገን ነበረቻቸው። መንግሥት የሚሰጠውን ትልቅ አውቶሞቢል የሚያገኙ ሆነው ሳሉ እርሷን አልተዉም። አውቶሞቢሏ ድቅል አልነበረችም፤ ፕሬዚዳንቱም ሰው እንዲያይላቸው ብለው አልገዟትም፤ የነበረቻቸው ስለ ሆነች ብቻ ይዘዋት ኖሩ። በእርሷ ምክንያት አገራቸውን የናቀ መንግሥት አልተሰማም።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ትልቁን ሸጦ ትንሿን መግዛት መልካም የሚሆነው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ የተሸጠው በእውነት ብዙ የሚበላ፥ ሰውየውም በእውነት ብዙ የሚነዳ ሲሆን ነው። ሁለተኛ፥ የተገዛችውን እስክታረጅ ሲይዛት ነው፤ በየሦስት ዓመቱ አዲስ መልክ በወጣ ቍጥር የሚለውጣት ሰው ቈጣቢ አይደለም፥ አዲስ ነገር ወዳድ ነው። ሦስተኛ፥ የተረፈው ገንዘብ መድረሻው ሲታወቅ ነው። መድረሻ የሌለው ቍጠባ በቀዳዳ ቀልቀሎ የተቀመጠ እህል ነውና።

የሠርጉ ደጅ ወዳጆች ሰውየውን ያሳፈሩት ክፉ ልብ ስላላቸው አይደለም፤ ጥያቄውን ስለሳቱ ነው። «ከሰርህ ወይ?» ማለት የማይገባ ነበር። የሚገባው «የተረፈህ ስንት ነው? የተረፈውስ ወዴት ገባ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። በዱቤ የሚሸጠውም ነጋዴ ዕዳውን ያወረደ ሰው ዕዳ ከተሸከመው ይልቅ እንደሚታመን ቢያስተውል፥ እጁን ከመሰብሰብ ይልቅ በዘረጋ ነበር። ሰውየውም በበኩሉ ስለ ትንሿ አውቶሞቢል ስብከት ሊያበዛ አይገባውም። «ልጄን አስተማርሁበት» ይበልና ዝም ይበል። ልጅቱ ትምህርቷን በጨረሰች ቀን አባቷ በምን ተሳፍሮ እንደ መጣ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፥ እርሱ ገና አልተማረም።